ብረትን ሳያቀልጡ ማያያዝ፦ በፍላክስ የተለበጠው የነሐስ ዘንግ በጥገና ሥራ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን አንድ ቀጭን ዘንግ ነው። ውስጡ ወርቃማ መልክ ያለው ብረት ነው፤ ላዩ እንደ ኖራ በደረቀ ልባስ ተሸፍኗል። ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ ይዛችሁት ታውቃላችሁ። እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምፈልገው ዘንጉ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን፣ ለምን እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ ጭምር ነው። ምክንያቱን ያወቀ ባለሙያ ይጣል የተባለውን ዕቃ ያድናል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ግን ሊድን የሚችለውን ያበላሻል፤ የራሱንም ሳንባ ይጎዳል።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። የአንድ እህል ወፍጮ የካስት አይረን እግር ተሰነጠቀ እንበል። ካስት አይረን ማለት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ፣ ካርቦን የበዛበት ብረት ነው። ባለወፍጮው ሦስት መንገድ አለው። የመጀመሪያው አዲስ ዕቃ መግዛት ነው፤ ይህም ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ በዚህ መሀል እህል የተሸከመው ገበሬ ወደ ሩቅ ወፍጮ ይሄዳል። ሁለተኛው በተራ የኤሌክትሪክ ብየዳ ማስበየድ ነው፤ ሥራው በአንድ ሰዓት ያልቃል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከብየዳው ጎን አዲስ ስንጥቅ ይወጣል። ሦስተኛው በነሐስ ዘንግ ማያያዝ ነው። ሁለተኛው የሚከሽፍበት ሦስተኛው ለምን ይጸናል? ለዚህ መልስ ለመስጠት ከዘንጉ ማንነት እንጀምር።

ስሙ ነሐስ፣ ማንነቱ ናስ

በሥነ ብረት ትምህርት ነሐስ የምንለው መዳብና ቆርቆሮ የተቀየጡበትን ነው፤ ናስ የምንለው ደግሞ መዳብና ዚንክ የተቀየጡበትን። በገበያ ቋንቋችን ሁለቱ ስሞች እየተቀያየሩ ይነገራሉ። ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም፤ በዓለም የንግድ ቋንቋም ይህ ዘንግ ‹ብሮንዝ› እየተባለ ይሸጣል እንጂ በይዘቱ ናስ ነው። በብዛት የሚገኘው ‹ዝቅተኛ ጭስ ያለው ብሮንዝ› የሚባለው ዓይነት ከ56 እስከ 60 በመቶ መዳብ፣ 1 በመቶ ገደማ ቆርቆሮ፣ ጥቂት ብረትና ማንጋኒዝ፣ እጅግ ጥቂት ሲሊከን ሲኖረው የቀረው ሁሉ ዚንክ ነው።

የዚህ ቅይጥ መሠረት አዲስ አይደለም። በ1832 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር የበርሚንግሃሙ ጆርጅ ፍሬደሪክ መንትዝ ስድሳ እጅ መዳብና አርባ እጅ ዚንክ ያለውን ናስ ለመርከቦች የታችኛ አካል መሸፈኛ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ኋላ ላይ በዚህ ቅይጥ ላይ ጥቂት ቆርቆሮ ሲጨመርበት የባሕር ውሃን ይበልጥ የሚቋቋም ሆነ። የዛሬው ዘንግ የእነዚህ ቅይጦች የቅርብ ዘመድ ነው።

የስሙ ጉዳይ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዘንጉ ናስ ከሆነ ውስጡ ብዙ ዚንክ አለ ማለት ነው። ዘንጉ በ866 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቅለጥ ይጀምራል፣ በ888 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል። ንጹሕ ዚንክ ደግሞ በ907 ዲግሪ ይፈላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 19 ዲግሪ ብቻ ነው። በቅይጥ ውስጥ ያለ ዚንክ እንደ ንጹሑ በአንድ ጊዜ ባይፈላም፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ትነቱ ይፈጥናል። ተንኖ ከአየር ጋር ሲገናኝ ነጭ ጭስ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ሥራ የሚፈልገው ብዙ ሙቀት ሳይሆን ልክ የሆነ ሙቀት ነው። ይህን ነጭ ጭስ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ደጋግመን እንመለስበታለን።

የሚያያይዘው ምንድን ነው?

በተለመደው ብየዳ የሁለቱ ብረቶች ጠርዝ ይቀልጣል፣ ይቀላቀላል፣ ሲረጋም አንድ ይሆናል። በነሐስ ዘንግ ሥራ ግን ዋናው ብረት አይቀልጥም። የሚቀልጠው ዘንጉ ብቻ ነው። ይህን የአሠራር ወገን ብሬዚንግ እንለዋለን። የሚሞላው ቅይጥ የሚቀልጠው ከ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ ነገር ግን ከዋናው ብረት መቅለጫ በታች ሲሆን ሥራው ብሬዚንግ ይባላል፤ ከ450 በታች ሲሆን የሬዲዮ ጠጋኞች የሚሠሩት ዓይነት ሶልደሪንግ ይሆናል።

ታዲያ ሳይቀልጥ እንዴት ይያያዛል? መልሱ ማርጠብ በሚባለው ነገር ላይ ይገኛል። በማሰሻ በታሰሰ ቀዝቃዛ ምጣድ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ብታደርጉ ውሃው ተሰብስቦ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ንጹሕ በሆነ መስተዋት ላይ ብታፈሱት ግን ተዘርግቶ ይለብሰዋል። የቀለጠው ናስም እንዲሁ ነው። ንጹሕና በቂ ሙቀት ያለው ብረት ሲያገኝ ይዘረጋል፤ ከብረቱ ገጽ ጋር አቶም ለአቶም ይገናኛል፤ በድንበሩም ላይ ጥቂት ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ቆሻሻ፣ ዝገት ወይም ቅባት ካለ ግን እንደዚያ ዶቃ ተሰብስቦ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ የተያያዘ ቢመስልም በመዶሻ ሲመታ ይፈናጠራል። ይህን መፈናጠር ያላየ በያጅ በዚህ አዳራሽ የለም ብዬ አስባለሁ።

ማርጠብን ተጠቅመን በሁለት መንገድ እንሠራለን። አንደኛው ቱቦን በቱቦ ውስጥ እንደምናያይዘው ባለ ጠባብ ክፍተት ሥራ ነው። ክፍተቱ ከ0.05 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የቀለጠው ቅይጥ ቅባት ወደ ኩራዝ ክር እንደሚሳብ በራሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። ሁለተኛው ስንጥቁን ቦይ አድርገን ቆርጠን ንብርብር በንብርብር የምንሞላበት ነው። ለወፍጮው እግር የሚያስፈልገን ይህ ሁለተኛው ነው።

የልባሱ ሥራ

እንግዲህ ንጽሕና ይህን ያህል ዋና ከሆነ አንድ ችግር ይገጥመናል። ብረትን የቱንም ያህል ብናጸዳው ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ አዲስ ኦክሳይድ ይለብሳል። በ900 ዲግሪ ላይ ይህ የሚሆነው በቅጽበት ነው። ሞረድ የማይደርስበትን ይህን ቆሻሻ የሚያነሳው ፍላክሱ ነው።

የዚህ ፍላክስ ዋና ንጥረ ነገር ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ነው። ቦራክስ የወርቅና የብር አንጥረኞች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ጨው ነው፤ ለብዙ ዘመን ወደ አውሮፓ ይመጣ የነበረው ከቲቤት ሐይቆች ሲሆን ዛሬ ከፍተኛው ክምችት በቱርክ ይገኛል። ውሃ የሌለው ቦራክስ በ742 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከቀለጠ በኋላ እንደ ፈሳሽ መስተዋት ሆኖ የብረት ኦክሳይዶችን ያሟማል፣ ገጹንም ከአየር ይጋርዳል። የቀለጠው ናስ ሲመጣ ይህን ፈሳሽ ገፍቶ በንጹሑ ብረት ላይ ይተኛል።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ጥቅም እናገኛለን። ፍላክሱ ከዘንጉ ቀድሞ ስለሚቀልጥ የሙቀት መለኪያችን ይሆናል። መጀመሪያ ውሃው ይወጣና ያብጣል፤ ቀጥሎ ይረጋጋል፤ በመጨረሻ እንደ ውሃ ጠርቶ ይፈሳል። ጠርቶ ሲፈስ ብረቱ ለዘንጉ ሊደርስ እንደተቃረበ ይነግረናል።

ቀደም ሲል በያጁ ዘንጉን አሙቆ በቆርቆሮ ውስጥ ያለውን የፍላክስ ዱቄት እየነከረ ይሠራ ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚመርጡ አሉ። የተለበጠው ዘንግ ጥቅም ፍላክሱን መጥኖ ይዞ መምጣቱና ሥራውን ማፋጠኑ ነው። ድክመትም አለው። ልባሱ እርጥበት ከሳበ ይረግፋል፤ ከወደቀ ይሰነጠቃል። በሰፊ ወይም በዛገ መገጣጠሚያ ላይ ዘንጉ ይዞ የመጣው ፍላክስ ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል ተጨማሪ መቀባት ያስፈልጋል። ልባሱ የተራገፈ ዘንግ ይዞ ‹ፍላክስ አለው› ብሎ መሥራት ራስን ማታለል ነው።

ካስት አይረን ለምን ይወደዋል?

ወደ ወፍጮው እግር እንመለስ። ግራጫ ካስት አይረን ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ይህም በአብዛኛው በስስ የግራፋይት ቅጠሎች መልክ ተበትኖ ይገኛል። እነዚህ ቅጠሎች ብረቱን ተሰባሪ ያደርጉታል። በኤሌክትሪክ ብየዳ ስናቀልጠው ካርቦኑ በቀለጠው ብረት ውስጥ ይሟሟል፤ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን በፍጥነት ሲወስደው ካርቦኑ ተመልሶ ግራፋይት ለመሆን ጊዜ አያገኝም። በዚህ ምክንያት በብየዳው ድንበር ላይ እንደ መስተዋት ጠንካራና ተሰባሪ ሽፋን ይፈጠራል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተራል፤ ካስት አይረን መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ባለወፍጮው ያየው አዲስ ስንጥቅ ይህ ነው። በኒኬል የተሠሩ ኤሌክትሮዶች ችግሩን ያቃልላሉ፤ ነገር ግን ዋጋቸው ውድ ነው።

በነሐስ ዘንግ ስንሠራ ግን ካስት አይረኑ አይቀልጥም። እርሱ የሚቀልጠው ከ1150 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ እኛ የምንሠራው ከዚያ ከ200 ዲግሪ በላይ ዝቅ ብለን ነው። ካርቦኑ ቀልጦ አይረበሽም። የተሞላው ናስም ለስላሳ ስለሆነ ሲኮማተር ራሱ ጥቂት ይለጠጣል እንጂ ካስት አይረኑን አይቀድም። ለስላሳ ነው ስል ደካማ ነው ማለቴ አይደለም። በደንብ የተሠራ የናስ ሙሌት ከ300 ሜጋፓስካል በላይ የመጎተት ጥንካሬ አለው፤ ተራ ግራጫ ካስት አይረን ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 300 ሜጋፓስካል ባለው ውስጥ ነው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ የስንጥቁን ጫፎች ፈልጉ፤ በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ ሰርስሩ። ቀዳዳው ስንጥቁ በሙቀት ወደፊት እንዳይሮጥ ያቆመዋል።

ሁለተኛ፣ ስንጥቁን በ‹ቪ› ቅርጽ 90 ዲግሪ ገደማ አድርጋችሁ ክፈቱ። ቦዩን ሰፋ የምናደርገው ናሱ የሚይዝበት ገጽ እንዲበዛ ነው። ግራይንደር ግራፋይቱን በገጹ ላይ እንደሚቀባው እወቁ፤ የተቀባ ግራፋይት ናስን አያስጠጋም። ስለዚህ በመጨረሻ በሞረድ አጽዱ፤ ወይም ኦክስጅን በዛ ባለ ነበልባል ገጹን አቃጥላችሁ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ። የቆየ ዘይት የጠጣ ዕቃ ከሆነ አስቀድማችሁ አሙቁት፤ ዘይቱ ወዝ ሆኖ ሲወጣ ታያላችሁ።

ሦስተኛ፣ ዕቃውን በሙሉ ወይም በሰፊው ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ድረስ በዝግታ አሙቁ። አንዱ ጥግ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ስንጥቁን የምትጋብዙት እናንተው ናችሁ።

አራተኛ፣ ነበልባሉን አስተካክሉ። የኦክስጅንና የአሴቲሊን ነበልባል ከ3000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ እኛ የምንፈልገው ግን ወደ 900 ገደማ ነው። ስለዚህ ነበልባሉ ለስላሳ፣ ቶርቹም ሁልጊዜ የሚንቀሳቀስ ይሁን። ለዚህ ዘንግ ኦክስጅኑ በጥቂቱ የበዛበት ነበልባል ይመረጣል፤ በቀለጠው ናስ ገጽ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ሠርቶ የዚንኩን ትነት ይገታልና። በዘንጉ ውስጥ ያለው ጥቂት ሲሊከንም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ‹ዝቅተኛ ጭስ› የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

አምስተኛ፣ ዘንጉን የሚያቀልጠው ነበልባሉ ሳይሆን ብረቱ ይሁን። ብረቱ ሲቀላና ፍላክሱ ሲጠራ ዘንጉን አስነኩት። መጀመሪያ ቦዩን በስስ ሽፋን ሙሉ በሙሉ አልብሱት፤ ከዚያ በላዩ ሙሉ። ናሱ ዶቃ ሆኖ ከተንከባለለ ብረቱ ቀዝቃዛ ወይም ቆሻሻ ነው። ናሱ ከፈላና ነጭ ጭስ ከወጣ ደግሞ ሙቀቱ አልፏል፤ ዚንኩ እየተነነ ነው፤ ሙሌቱም ቀዳዳ ይበዛበታል።

ስድስተኛ፣ ሙሌቱ እንደረጋ በቀላል መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ቀጥቅጡት። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ ይሠራል፤ ቅጥቀጣው የመኮማተሩን ውጥረት ያረግባል። ከዚያም ዕቃውን በደረቅ አመድ ወይም በኖራ ውስጥ ቅበሩትና አድሮ ይቀዝቅዝ። በውሃ ማቀዝቀዝ የቀኑን ሥራ በሙሉ ማፍረስ ነው። በማግስቱ እንደ መስተዋት የደረቀውን የፍላክስ ቅሪት አንሱ፤ ከሥሩ ስንጥቅ ሊደብቅ ይችላል፤ ከቆየም እርጥበት ስቦ ዝገት ያመጣል።

የማይገባበት ቦታ

ይህ ዘንግ ብዙ ነገር ስለሚያያይዝ ሁሉን ያያይዛል የሚል እምነት አለ። ይህ አደገኛ ነው። የናስ ሙሌት ከ250 ዲግሪ ገደማ በላይ በሚሠራ ዕቃ ላይ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለሞተር የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ አይሆንም። በመሪና በፍሬን ክፍሎች፣ በክብደት ማንሻ መንጠቆ፣ በእንፋሎት ቦይለርና በግፊት ጋኖች ላይ አትሞክሩት፤ በእነዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት ዋጋው የሰው ሕይወት ነው። በአልሙኒየም ላይም አይሠራም፤ አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣልና ዘንጉ ሳይቀልጥ ዕቃው ይፈሳል። ዘወትር ጨዋማ ውሃ በሚነካው ቦታ ደግሞ ዚንኩ ከቅይጡ ቀስ በቀስ እየተለየ ይወጣና የሚቀረው መዳብ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ይሆናል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አንድ ጊዜ ናስ የገባበት ስንጥቅ ኋላ በኤሌክትሪክ ልበይደው ቢባል መዳቡ ወደ ቀለጠው ብረት ገብቶ ስንጥቅ ያመጣል። የቀረውን ናስ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ደግሞ አድካሚ ነው። ስለዚህ ዘንጉን ከማንሳታችሁ በፊት ‹ይህ ዕቃ ምን ሙቀት ያያል? ምን ይሸከማል? ቢሰበር ማንን ይጎዳል?› ብላችሁ ጠይቁ።

የበያጁ ሳንባ

አሁን ወደዚያ ነጭ ጭስ እመለሳለሁ። የዚንክ ኦክሳይድ ጭስ የተነፈሰ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ አፉም የብረት ጣዕም ይሰማዋል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል። ብዙዎች ወባ ወይም ጉንፋን ይመስላቸዋል። ከእረፍት ቀን ማግስት ስለሚበረታ በሌሎች አገሮች ‹የሰኞ ትኩሳት› ብለውታል።

በየወርክሾፑ ለጭስ መድኃኒቱ ወተት ነው ይባላል። ወተት ምግብ ነው፤ ጠጡት። ነገር ግን ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ጭሱ የገባው ወደ ሳንባ ነው። መድኃኒቱ ጭሱን አለመተንፈስ ነው። ደጅ ወይም ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ሥሩ፤ ነፋሱ ከጎናችሁ እንዲመጣ ቁሙ፤ ራሳችሁን ከጭሱ በላይ አታድርጉ። ካድሚየም የተለበጡ ብሎኖችን በፍጹም አታሙቁ፤ የካድሚየም ጭስ ይገድላል። ክሎሪን ባለበት ፈሳሽ የተጠረገ ዕቃም ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እሳት አይንካው፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

ስለ ጋዙም ሁለት ቃል ልበል። የአሴቲሊን የመስመር ግፊት ከ1 ባር አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ራሱን ችሎ ሊፈነዳ ይችላል። የተቆረጠ የአሴቲሊን ጎማ ለመቀጠልም የመዳብ ቱቦ አትጠቀሙ፤ አሴቲሊን ከመዳብ ጋር ተዋህዶ በትንሽ ምት የሚፈነዳ ውህድ ይሠራል።

እንግዲህ የሥራው ጥራትና የሠራተኛው ጤና በዚህ ዘንግ ላይ ሁለት የተለያዩ ርእሶች አለመሆናቸውን አይታችኋል። ነጩ ጭስ ሲወጣ መገጣጠሚያው ዚንኩን እያጣ ነው፤ በያጁም ያንኑ ዚንክ እየተነፈሰ ነው። ጭሱን የሚቀንስ እጅ መገጣጠሚያውንም ያጠነክራል። ተማሪዎቻችን በወርክሾፕ ሲለማመዱ መጀመሪያ ሊሠለጥኑበት የሚገባው ፍላክሱን ማንበብና ሙቀትን መመጠን ነው፤ ፍጥነቱ ኋላ ይመጣል። እናንተ ባለሙያዎች ደግሞ ይህን ከእኛ ይልቅ በእጃችሁ ስለምታውቁት፣ የምክንያቱን ትምህርት ከእኛ ወስዳችሁ የእጁን ትምህርት ለልጆቻችን እንድታወርሱ አደራ እላለሁ።